ሃያ ሦስት ትከሻ

ልጄ ሐመልማል ሐሙስ ዕለት ዐረፈች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ለልቅሶ ከሩቅ የመጡ ሰዎች በመንገዱ ዳር ስለተተከሉት ድንጋዮች ጠየቁኝ። ቃሬዛ ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ለምን እንደሚሮጥም ጠየቁኝ። ያን ጊዜ አልመለስኩላቸውም። አሁን ልጻፈው። የምጽፈው አያቴ እንደነገረኝ ነው፤ እሱም ከአያቱ ነው የሰማው።

ዱሮ ነው። ወንዙ ድልድይ ሳያውቅ፣ ሰውና ጅብ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ነው። በዚያ ዘመን ከወንዙ ወዲህ ሰባት አጥቢያዎች ነበሩ። ሰባቱ ማዶ ይባሉ ነበር። ማዶ የሆኑት ገዥው ከሚቀመጥበት አምባ ሲታዩ ነው እንጂ ለራሳቸውስ ማዶ አልነበሩም።

ግብር የሚከፈለው አምባው ላይ ነበር። ክስ የሚሰማው አምባው ላይ ነበር። መድኃኒት የሚያውቀው ሰው የሚኖረውም አምባው ላይ ነበር። የሰባቱ ማዶ ሰው ግብሩን ተሸክሞ ገደሉን ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ ሌላውን ገደል ይወጣል። ሲደርስ ዳኛው ከችሎት ተነሥተዋል ይሉታል። በሽተኛውን ተሸክሞ ይወርዳል፤ ይሻገራል፤ ይወጣል። ሲደርስ በሽተኛው ሞቷል።

በሰባቱ ማዶ መጨረሻ፣ በኛ አጥቢያ፣ ልየው የሚባል ሰው ነበር። መሬት አልነበረውም። በሬ አልነበረውም። ትከሻ ነበረው። ሰው ሲታመም ቃሬዛውን የሚያስረው እሱ ነው። ከፊት ሆኖ እንጨቱ ሥር የሚገባውም እሱ ነው። «በሬ ባይኖረው ራሱ በሬ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ይስቃል። «በሬስ ሲገባ ገለባ ይሰጠዋል» ይላቸዋል።

አንድ ዓመት ሽማግሌዎቹ መከሩ። የራሳችን ገዥ ይሾምልን፤ የራሳችን ዳኛ፣ የራሳችን መድኃኒተኛ ይቀመጥልን፤ ከአምባው ተለይተን ራሳችንን የቻልን ወረዳ እንሁን አሉ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አያ ጥሩነህ እግራቸው አብጦ ነበርና በቃሬዛ ሄዱ። ልየው ገዥው ፊት የቀረበው እንዲህ ነው። ሽማግሌ ሆኖ አይደለም፤ ሽማግሌ ተሸክሞ ነው።

ገዥው ፊታውራሪ ደምለው ይባሉ ነበር። አቤቱታውን ሰሙና ፊታቸው ጠቆረ።

«ልትገነጠሉ ነው?» አሉ።

«ልንቀርብ ነው እንጂ ጌታዬ» አሉ አያ ጥሩነህ። «እስካሁን የኖርነው ተገንጥለን ነው።»

ፊታውራሪ ወደ ጸሐፊያቸው ወደ አለቃ ምሕረቱ ዞሩ። አለቃ መዝገብ ገለጡ። «ከሰባቱ ማዶ እስከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ብለው አነበቡ።

«ሰማችሁ?» አሉ ፊታውራሪ። «ለግማሽ ቀን መንገድ አገር አይቆረስም። ዛሬ ለእናንተ ብፈቅድ ነገ እያንዳንዱ ጎጥ ገዥ ይሾምልኝ ብሎ ደጄ ላይ ያድራል።»

ከኋላ፣ ከቃሬዛው አጠገብ፣ ልየው ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ያንን የለካው በቅሎ ነው።»

ችሎቱ ሁሉ ሳቀ።

«ታዲያ በምን ይለካልህ?» አሉ ፊታውራሪ።

«በትከሻ።»

ሳቁ ባሰ። አንድ ትከሻ ማለት የቃሬዛ ተሸካሚ «ተቀበለኝ» ሳይል የሚሄደው መንገድ ነው። ሰባቱ ማዶዎች ያውቁታል። አምባው ግን አያውቀውም ነበር። ፊታውራሪ ጨዋታ ይወዱ ነበርና «መልካም፤ ለክተህ አምጣ፤ አንድ ዓመት ሰጥቼሃለሁ» አሉት።

ልየው መለካት ጀመረ። ያለ ሸክም ሄዶ አልለካም። «ባዶ ትከሻ ይዋሻል» ይል ነበር። በሽተኛ ሲኖር ብቻ ለካ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ተቀበለኝ» ባለበት ቦታ ጠጠር ይጥላል። ሲመለስ በጠጠሩ ቦታ ድንጋይ ያቆማል። በሌላ ጉዞ ያ ድንጋይ ጋ ደርሰው ማንም «ተቀበለኝ» ካላለ፣ ድንጋዩን ነቅሎ ወደፊት ይወስደዋል። ዳገቱ ላይ ድንጋዮቹ ተቀራረቡ። ሜዳው ላይ ተራራቁ። ለአገሬ ብሎ አንድ ክንድ እንኳ አልሰረቀም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው የመጨረሻዎቹ ሦስት ድንጋዮች ብቻ አልጸኑም ነበር። ያን ጊዜ የልየው ሚስት ስመኝ ታመመች።

ቃሬዛ አሰሩ። ልየው እንደ ልማዱ ከፊት ገባ። «በሌላ ሰው ትከሻ ትንገላታለች፤ የእኔን ታውቀዋለች» አለ። ፀሐይ እንዳያቃጥላት ፊቷን በነጠላ ሸፈኑላት። ወረዱ። ልየው ይቆጥራል። አምስት። ስድስት። ሰባት። ወንዙን ሲሻገሩ አሥራ አንድ ነበር።

«ልየው» ብላ ጠራችው።

«ደረስን፤ ደረስን» አላት። ዞር አላለም። ዞር ቢል ቃሬዛው ያጋድላል።

ከዚያ ዝም አለች። ከኋላ ያሉት የተኛች መሰላቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዳገቱን ያዙ። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። ሃያኛው ድንጋይ ጋ ውሃ ሊያጠጧት አወረዷት። ነጠላውን ገለጡት። ቀዝቅዛለች።

ልየው ቃሬዛ መሸከም ተወ። መቁጠር ተወ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አያ ጥሩነህ በምርኩዝ እያነከሱ መጡ።

«ልጄ፣ ሰባቱ ማዶ ያንተን ድንጋይ ይጠብቃል» አሉት።

«አያ፣ የመንገዱን ድንጋይ ሁሉ አውቃለሁ» አለ ልየው። «ስመኝ የሞተችበትን ድንጋይ ግን አላውቅም። ጠራችኝ፤ እኔ እቆጥር ነበር።»

ሽማግሌው አጠገቡ ቁጭ አሉ። በማግስቱም መጡ፤ ቁጭ አሉ። ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። ስለ ወረዳው ሁለተኛ አላነሡበትም።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ጎረምሳ ከዛፍ ወደቀ። ቃሬዛ ተይዞ በልየው ደጅ አለፈ። ልየው አየና ተነሣ። ከፊት እንጨቱ ሥር የገባው የጎረምሳው ታላቅ ወንድም ነበር።

«አንተ ውጣ» አለው።

«ወንድሜ ነው እኮ!»

«ስለዚህ ነው ውጣ ያልሁህ። በራስጌው ሂድ። ፊትህን ይየው። ሲጠራህ ዞር በል።»

ከበሽተኛው ፊት ላይም ነጠላውን ገፈፈ። «ፀሐይ ይንካው። በሕይወት ያለ ሰው ፊቱ አይሸፈንም» አለ።

ወንድምየው ሲወጣ አንድ ትከሻ ጎደለ። ማሽላ የተሸከመ መንገደኛ ከወዲያ ይመጣ ነበር። የማንም ዘመድ አይደለም። ልየው ጠራው። «ማሽላህ አይሞትም፤ አውርደውና አንድ ትከሻ ስጠን» አለው። መንገደኛው አወረደ፤ ገባ። እስከሚቀጥለው ድንጋይ ተሸከመ። ጎረምሳው ዳነ። በዚያ ጉዞና ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ጉዞዎች ሦስቱ ድንጋዮች ጸኑ። ሃያ ሦስት ሆኑ።

ልየው ወደ አምባው ሄዶ ለፊታውራሪ ነገራቸው። ፊታውራሪ የቀለዱትን ረስተውት ነበር። ሲያስታውሱ አለቃ ምሕረቱን ላኩ። «ሂድና ቁጠር። ይህ ሰው ድንጋዩን አቀራርቦ ተክሎት ይሆናል» አሏቸው።

አለቃ በበቅሎ መጡ። ወፍራም ሰው ናቸው፤ በቅሎዋም ታዝናለች ይባላል። በኛ አጥቢያ አደሩ። ጠዋት በቅሎዋ ላይ ሆነው የጸሎት መቁጠሪያቸውን አወጡ። በየድንጋዩ አንድ ፍሬ ሊጥሉ ነው።

በዚያው ጠዋት ትርንጎ የምትባል ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ባሏ ጨው ሊያመጣ ቆላ ወርዷል። እናት የላትም፤ እኅት የላትም። ቃሬዛ ታሰረ፤ ተሸካሚም ሞላ። ልየው ወደ አለቃ መጣ።

«ከበቅሎ ይውረዱ» አላቸው።

«ለምን? ልታሸክመኝ ነው?»

«ተሸካሚ አለ። የጎደለን ፊት ነው።»

«ዘመዷ አይደለሁም እኮ።»

«ፊት ግን አለዎት።»

አለቃ ሽማግሌዎቹን አዩ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አለቃ ወረዱ። ከትርንጎ ራስጌ ሆነው መሄድ ጀመሩ። የመጀመሪያው ድንጋይ ጋ አንድ ፍሬ ጣሉ። ሁለተኛው ጋ ሁለተኛውን ጣሉ። ሦስተኛውን እንደጣሉ ትርንጎ ጮኸች፤ እጃቸውንም ያዘች።

«አለቃ፣ ጥለውኝ እንዳይሄዱ።»

«አለሁ።»

«አለሁ ብለው ደግሞ ወደ መቁጠሪያው ያያሉ።»

መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በኋላ ፊቷን እያዩ ሄዱ። የሚናገሩት ሲያጡ የልጆቻቸውን ስም ነገሯት። የልጆቻቸው ስም ሲያልቅ የፊታውራሪን በቅሎ ወሬ አመጡ። በቅሎዋ በጥምቀት ዕለት ሕዝብ ሁሉ እያየ ፊታውራሪን ዳሌያቸው ላይ እንዴት እንደነከሰቻቸው ነገሯት። ትርንጎ በምጧ መሐል ሳቀች። ወንዙ እስከ ወገባቸው አራሳቸው። ካባቸውን ውሃ ወሰደው። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ሁለት ጊዜም እጇን ሳይለቁ ተነሡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምባው ገቡ። ትርንጎ በመድኃኒተኛው ቤት ሴት ልጅ ወለደች። እናትም ልጅም ደኅና ሆኑ። አለቃ ደጁ ላይ አፈር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልየው አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ስንት ሆነልዎ?» አላቸው።

አለቃ መቁጠሪያውን አወጡ። አዩት።

«ሦስት» አሉ። «ከዚያ ወዲያ አልቆጠርሁም። ፊቷን እያየሁ መቁጠር አልቻልሁም።»

ልየው ከስመኝ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። አለቃ ለምን እንደሚያለቅስ አላወቁም። ግን አልተነሡም።

በማግስቱ ፊታውራሪ ጠየቋቸው። «ድንጋዮቹ ልክ ናቸው?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«የላክሁህ እንድትቆጥር አይደለም?»

«ነው። መዝገቡን ይፍቀዱልኝ።»

አለቃ «የግማሽ ቀን» የሚለውን ሰረዙት። በምትኩ ጽፈው አነበቡ፦ «ከሰባቱ ማዶ እስከ አምባው ሃያ ሦስት ትከሻ ነው ይላል ልየው። እኔ ቆጥሬ መጨረስ አልቻልሁም። ሰው በሕይወት የሚደርሰው አንዳንዴ ነው።»

ችሎቱ አልሳቀም። ፊታውራሪም ማኅተማቸውን አስመጡ። ሰባቱ ማዶ ወረዳ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሹመቱ ሳይነበብ ሰባቱ አጥቢያዎች ተጣሉ። እያንዳንዱ ከተማው በእኔ ደጅ ይሁን አለ። ሁለቱ ዱላ ተማዘዙ። አንዱ አጥቢያ ብቻዬን ወረዳ እሆናለሁ አለ። ልየው «ከማዶ ሌላ ማዶ ልታወጡ ነው?» አላቸው። ያፈሩ አፈሩ። ከሰባቱም የሚመጡትን መንገዶች በትከሻ ለክተው ከተማውን ማንም በማይኖርበት ቦታ፣ መሐል ላይ ቆረቆሩት። እኩሌታ አሉት። ዛሬም ስሙ ይኸው ነው።

ልየው አርጅቶ ሞተ። ሹመት አልተሰጠውም፤ መሬትም አልተሰጠውም። የቀረለት ይህ ነው። በኛ አገር መንገድ ሲጠየቅ «ስንት ትከሻ ነው?» ይባላል። ስላላየው ችግር አፉን የሚከፍት ሰው ሲገኝ «ከበቅሎ ይውረዱ» ይባላል። ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ሁሉ አንድ ትከሻ ይሰጣል። በሕይወት ያለ በሽተኛ ፊቱ አይሸፈንም። የራሱ ሰው ደግሞ እንጨቱ ሥር አይገባም፤ በራስጌው ይሄዳል።

ከኛ ቤት እስከ እኩሌታ ዘጠኝ ትከሻ ነው። ዘጠኝ ከሃያ ሦስት ያንሳል። ልየው ባይኖር ሃያ ሦስት ነበር። ግን ዘጠኝም ዘጠኝ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሐመልማልን ለማሳከም በቃሬዛ ይዘን ወደ እኩሌታ ወጣን። ሆዷን ስለሚያማት ማዘል አልተቻለም። እንጨቱ ሥር ልገባ ስል ጎረቤቴ ቢተው በክንዱ ገፋ አደረገኝ። «አንተ ውጣ» አለኝ። በራስጌዋ ሄድኩ። ከእርሻ የሚመለሱ፣ ገበያ የሚወርዱ፣ የማላውቃቸው ሰዎች እየሮጡ ገቡ፤ እየወጡ ሄዱ።

«አባዬ፣ ስንት ቀረ?» አለችኝ።

«ትንሽ ነው።»

«አልቆጠርክማ።»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። ስድስት አልፈናል።»

ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ሆነ። እያየችኝ ነበር። ድንጋዩን አውቀዋለሁ።

ቢተው ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ፊቷን ሸፈነ። ቃሬዛው ዞረ። «አሁን ስጠኝ» አልኩት። ለቀቀልኝ። ከፊት ገባሁ። በየድንጋዩ «ተቀበሉኝ በል» አሉኝ። እስከ ቤት ትከሻ አልቀየርኩም።