በሃምሳ ዓመቷ ጥርሷን ልታቃና የተነሣችው ሴት

አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሃምሳ ዓመቷ ጥርሷን ለማቃናት ቆረጠች። ሐኪሟ ሽቦ ወይም ጥርስ ላይ ተለብሶ የማይታይ ስስ ፕላስቲክ እንድትመርጥ ቢጠይቃት፣ ለምግብ የሚወልቀውን ፕላስቲክ መረጠች።

አንድ ቀን በመሥሪያ ቤቱ የምሳ ግብዣ ላይ ፕላስቲኩን ቀስ ብላ አውልቃ በመሐረብ ስትጠቀልል ሥራ አስኪያጁ አቶ ማንያዘዋል አዩዋት።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጮክ ብለው።

«ጥርሴን የማቃናበት ነው፣ ጌታዬ።»

«በዚህ ዕድሜሽ? ለቀብርሽ ልታምሪ ነው?»

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ አቶ ማንያዘዋል ሲቀልዱ ያልሳቀ ሰው የደረጃ ዕድገት አያገኝም ነበርና። ሳቁ ደግሞ ልብ ሰጣቸው።

«በይ ተነሺና ለማን ብለሽ እንደምታቃኚው ለሁላችንም ንገሪን» ብለው አዘዟት።

ሴትየዋ ፊቷ ቀላ፤ ግን ተነሣች።

«ለእርስዎ ብዬ ነዋ፣ ጌታዬ» አለች። «እስከ ዛሬ እርስዎ በቀለዱ ቁጥር አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። ሰው ሁሉ እየሳቅሁ ጥርሴን የምደብቅ ይመስለዋል። ጥርሴ ሲቃና ግን እጄን ማውረዴ አይቀርም። እባክዎ፣ እስከዚያ አንድ የሚያስቅ ቀልድ ይፈልጉልኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ አፉን የሸፈነ ግን አንድም ሰው አልነበረም።