የገላጋይ ብስክሌት ቁልፍ

ባሕር ዳር ከመኪናዋ ብስክሌቷ ይበዛ በነበረ በአንድ ወቅት፣ ገላጋይ የሚባል የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በብስክሌት ሲመላለስ አንድ ቀን አልረፈደበትም። ሌላው ታክሲ ተጋፍቶ፣ ተኮሳትሮ ሲገባ፣ እሱ የሐይቁን ንፋስ ጠጥቶ፣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ብሎ ይደርሳል። ማለዳ ከግቢው ሲወጣ የብስክሌቷን ደወል ሁለቴ ይደውላል፤ ሚስቱ ጥሩዓለም ቀኗን የምትጀምረው በዚያ ድምፅ ነበር።

ኋላ ጉበቱን ታመመ። ሊሞት ሲል እጇን ይዞ፣ «ብስክሌቴ ግድግዳ ተደግፋ እንዳትቀር፤ ሥራ ትሂድ። ለማን እንደሚገባ አንቺ ታውቂያለሽ» አላት።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ ጥሩዓለም ሦስት ሰዎች ጠራች።

ትልቁ ልጇ ምንይችል ቢሮ ውሎ ቢሮ የሚያመሽ፣ ስኳር የያዘው ሰው ነው። ሐኪም «ተንቀሳቀስ፣ አለዚያ እግርህን ታጣለህ» ብሎታል። በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር «ከእንግዲህ እንዳትመጣልኝ» አለው።

«እማዬ፣ ሁለት ጊዜ ብስክሌት ገዝቼ ሁለቴም ተውኩ። የአባዬን ግን አልተውም።»

«ያን ሆድ ተሸክማ የት ልትደርስ!» አለች እህቱ ስመኝ።

ስመኝ ከዓባይ ማዶ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ተረኛ ስትሆን ታክሲ ገና ሳይወጣ መድረስ አለባት። አባቷ አልጋ ሲይዝ ሳትጠየቅ ብስክሌቱን አስነሥታ መንዳት ጀመረች።

«ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ወለደች። በብስክሌት ከሄድኩ ወዲህ ግን አንድም ሴት ደጅ ላይ አልወለደችም።»

ሦስተኛው የገላጋይ የሥራ ባልደረባ ተመቸ ነው። ገላጋይ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ጉልበቱ ከዳው፤ ተመቸ በየማለዳው እየመጣ፣ በራሱ በገላጋይ ብስክሌት ከኋላ አፈናጦ እስከ መጨረሻው የሥራ ቀን አመላለሰው። ጥሩዓለም የጠራችው ልታመሰግነው ነበር። እሱም ምንም አልጠየቀም።

ሲያወሩ ብስክሌቷን በጨርቅ ትወለውል የነበረችው ጥሩዓለም እጇ ድንገት ቆመ። ጎማዎቹ የባሏ አይደሉም። በቸርኬዎቹ ሽቦ ላይ የተሰኩትን ቀያይ ዶቃዎች በተመቸ ብስክሌት ላይ ነበር የምታውቃቸው።

«ተመቸ፣ ይሄ ጎማ ያንተ አይደለም እንዴ?»

«ሁለት ሰው ስትሸከም የእሱ ተጣመመ፣ እትዬ። የእኔን ገጠምኩላት። እንዲያውቅ አልፈለግሁም።»

«ያንተዋስ?»

«ቤት ቆማለች። እኔ በእግሬ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ቢፈጅ ነው።»

«ፍታና ውሰዳ ታዲያ!»

ተመቸ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ጎማዬን ብወስድ ይቺ ትቆማለች። እሱ ደግሞ አትቁም ብሏል።»

ጥሩዓለም የብስክሌቷን ቁልፍ በመዳፏ ጨብጣ ሦስቱን አየች። ሕይወቱን ሊያተርፍባት የቆረጠ ልጇ አለ። ለሰው ሕይወት የምትደርስባት ልጇ አለች። የሚያንከባልሏት ጎማዎች ባለቤትም አለ። ነገ ሰኞ ነው፤ ሦስቱም ሥራ ይገባሉ፣ ብስክሌቷም ሥራ ትሄዳለች፤ ደወሏም ከዚህ ግቢ ስትወጣ ሁለቴ መደወል አለበት።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ጥሩዓለም ቁልፉን ለማን ትስጥ?