ለእንግዳ የተሞላ መደርደሪያ

አንድ ነጋዴ በቆላ ከተማ ላለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በጭነት መኪና መጻሕፍት አምጥቶ ሰጠ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገረመው የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ሁሉ ሞሉበትና በሩን ቆለፉት። የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ወባ ገባ። ፈትለወርቅ የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሳይንስ መምህርቷን ዘርትሁንን፣ «ወባ የሚመጣው ከትንኝ ነው ብለውናል። እናቴ ግን የበቆሎ እሸት ነው የሚያመጣው ብላ አጎበሩን እህል ሸፍናበታለች። ብነግራት አታምነኝም። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ይስጡኝና ላሳያት» አለቻት።

መምህርቷ አስፈቅዳ ገባችና መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። ያገኘችው ስለ መርከብ ሞተርና ስለ ሌላ አገር የግብር ሕግ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ ነው። ልጅ የሚያነበው አንድም የሳይንስ መጽሐፍ አልነበረም።

«እነዚህን እናውጣና ለልጆቹ የሚሆን እንጠይቅ» አለች፣ ወደ አቶ ገረመው ቢሮ ሄዳ።

«ባዶ መደርደሪያ ለእንግዳ ላሳይ? ስጦታ አይናቅም። አርፈሽ አስተምሪ» አሏት።

ዘርትሁን የፈትለወርቅ እናት ቤት ድረስ ሄዳም ነገረቻት፤ እናትየው ግን ወሬ ነው ብላ አልሰማቻትም። በዚያው ሰሞን የፈትለወርቅን ታናሽ ወንድም አተኮሰው። እናቱ እሸት ከለከለችው፤ አጎበሩ ግን ከእህሉ ላይ አልተነሣም። ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ዘግይቶ ነበር፤ ሞተ።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ትምህርት ቤቱን ሊሸልሙ እንግዶች የመጡ ዕለት ዘርትሁን ተነሥታ ልጁ እንዴት እንደሞተ ተናገረች። «ይህን ሁሉ የደረደራችሁት ለማን ነው?» አለች። አቶ ገረመው ሊያስቀምጧት ሲነሡ ከእንግዶቹ ጋር የመጣው ነጋዴ ከለከላቸው።

«መደርደሪያ ሙላልን አላችሁኝ፤ መጋዘን የተረፈውን አመጣሁ። ልጆቹ ምን ያነባሉ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ያ ሁሉ ጥራዝ ተጭኖ ወጣ። መምህራኑ ልጆቹን ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠየቁ፤ መጽሐፍም በዚያ ተመረጠ። የሞተው ልጅ ግን ሞቷል።

ወዳጆቼ፣ የማይነበብ መጽሐፍ ደርድሮ መመስገን ነውር ነው። ቤተ መጻሕፍት ሞላ የሚባለው ልጅ ለጥያቄው መልስ ሲያገኝበት ነው እንጂ ጥራዝ ስለበዛ አይደለም። በእናንተ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ገብቶ ምን ያነባል? ሄዳችሁ አይታችኋል?