ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

መቆም ማለት አንድ ነገር ሳይወድቅም ሳይራመድም ባለበት መቅረቱ ነው። ዛፍ ይቆማል፤ ዘበኛም ይቆማል፤ ለምን ቆሙ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮምፒዩተር ሲቆም ግን ምክንያት ይፈለግለታል፤ ብዙ ጊዜም የሚፈለገው ከሌለበት ቦታ ነው።

አንድ ጊዜ፣ የጫካው መንደር በእሾህ በታጠረበት ዓመት፣ አንበሳ ትእዛዝ አወጣ። ከአጥሩ ውስጥ የሚያድረው ስሙ በኮምፒዩተር ተጽፎ የታተመ እንስሳ ብቻ ነው፤ ምዝገባው በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። የበሩ ጠባቂ ጅብ ስለነበረ፣ ውጭ ማደር ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

ጽሕፈት ቤቱ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ጸሐፊ ነበረው። ጸሐፊው ኤሊ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ አህያ ደግሞ ለኮምፒዩተሩ ክብር ክረምቱን ሙሉ ዳንቴል ሠርታለት ነበር። አቧራ እንዳይገባም ከሥሩ ወፍራም የአቡጀዲ ገበር ሰፍታበታለች። ሥራዋ ያምራል፤ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ኋላ ይሸፍነዋል።

በመጀመሪያው ቀን ኤሊ አሥራ አንደኛውን ስም ሲጽፍ ኮምፒዩተሩ ቀጥ አለ።

«ቆመ?» አለ ጅብ አንገቱን በመስኮት አስግጎ።

«ቆመ፣ አያ ጅቦ።»

«እሰይ! ማለቴ... ውይ!»

ጠጋኙ ቀበሮ ተጠራ። ዳንቴሉን ገፎ ለአህያ ሰጠና ሳጥኑን ከፈተ። የታፈነ ትኩስ አየር አፍንጫውን ገረፈው። ጨርቁን አየ። ቀጥሎ ለእሱ የቀረበውን የዶሮ ወጥ አየ፤ ባለሙያን ምሳ ሳያበሉ መሸኘት በዚያ መንደር ነውር ነው።

«ቫይረስ ነው» አለ።

«ከባድ ነው?» አለች አህያ ደንግጣ።

«ቀላል ቢሆን እኔን ትጠሩ ነበር?»

ጥቂት ነካካው፤ ኮምፒዩተሩም ሠራ። ቀበሮ በልቶ ሄደ፤ አህያ ዳንቴሉን አለበሰችው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆመ። በማግስቱ ቀበሮ ጥፋቱ የሜሞሪው ነው ብሎ አውጥቶ በላጲስ ፈተገው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥፋቱ ወደ መብራቱ ዞረ። ሁልጊዜ ዳንቴሉ ይገፈፋል፣ ኮምፒዩተሩ ይሠራል፣ ቀበሮ ይበላል፣ ዳንቴሉ ይመለሳል፣ ኮምፒዩተሩ ይቆማል።

ኤሊ ግን የቆመበትን ሰዓት ሁሉ በደብተር ይጽፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደብተሩን ገልጦ አህያን ጠራት።

«እመት አህያ፣ አይቀየሙኝ። ሲገፈፍ ይሠራል፤ ሲለብስ ይቆማል። ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ።»

«የኔን ዳንቴል ነው የሚሉት?»

«ዳንቴሉስ ቆንጆ ነው። ግን ሳጥኑ ውስጥ ማራገቢያ አለ፤ አየር ይፈልጋል።»

«እኔስ ለብሼ እተነፍስ የለም እንዴ?» አለች አህያ ጆሮዋን ጥላ። ቆይታ ግን ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠች። «ይሁን፣ ራቁቱን ይዋል። ነውሩ በእርስዎ።»

ያን ቀን ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜም አልቆመም።

«ቆመ?» ይላል ጅብ በየሰዓቱ።

«አልቆመም።»

«ትንሽም?»

ወደ ማታ የመንደሩ ሁሉ ስም ታትሞ አለቀ። ሠራተኛ ከባለጉዳይ በኋላ ይመዘገባል የሚል ደንብ ስላለ፣ ከሠራተኞቹም የቀረችው አህያ ብቻ ናት። ወረቀቱም አልቆ ነበር።

«ወረቀት ከመጋዘን ላምጣና የእርስዎን እናትማለን» ብሎ ኤሊ ወጣ። መጋዘኑ ለሌላው ሃያ እርምጃ ነው።

አህያ ብቻዋን እንደቀረች የአንበሳ ኮቴ ተሰማት። ዝርዝሩን በማኅተም ሊያጸድቅ መምጣቱ ነው። ሳጥኑን አየችው፤ ሽቦው ተንጠልጥሏል፣ ጎኑ ተጭሯል።

«ጌታችን እንዲህ ሆኖ ይዩት? ማኅተሙን እስኪያደርጉ ብቻ» ብላ ዳንቴሉን አለበሰችው፤ ጠርዙንም አስተካከለች።

አንበሳ ገብቶ ተቀመጠ። «ይህን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እጅሽ ይባረክ።»

አህያ በዕድሜዋ እንደዚያች ግማሽ ሰዓት ደስ ያላት ጊዜ የለም። ከዚያ ኤሊ ወረቀቱን ይዞ ደረሰ፣ ተቀመጠ፣ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ነካ። ኮምፒዩተሩ ቆሟል።

ኤሊ ዳንቴሉን ገፎ አጠፋው፤ መልሶ አበራው። የጋለው ሳጥን አልነሣ አለ። ቀበሮን እንዲጠራ ጅብ ተላከ፤ ጅብም በዚያ ቀን ከኤሊ በባሰ ቀስታ ሄደ።

«ጌታዬ፣ በብዕር ልጨምራት» አለ ኤሊ።

«በብዕርማ ማንም ይጽፋል» አለ አንበሳ፤ ጀንበሯን ተመልክቶ ማኅተሙን መታ።

በሩ ላይ ጅብ ዝርዝሩን ዘርግቶ ጠበቃት።

«አያ ጅቦ፣ ታውቀኝ የለም እንዴ? በየቀኑ ጽሕፈት ቤቱን የምጠርገው እኔ አይደለሁም?»

«እኔማ አውቅዎታለሁ፣ እመት አህያ» አለ ጅብ፤ «የማያውቅዎት ዝርዝሩ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሚቆም ነገር ተፈታትቶ ከመመርመሩ በፊት በአክብሮት የደረብንበት ነገር መነሣት እንዳለበት ነው።

አህያ ተበላች፤ ዳንቴሉ በአንበሳ ትእዛዝ ታጥቦ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ቀበሮም ለነገ ምሳ ተጠርቷል።