በጎተራ የተመረገ መስታወት

አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ሞታበት፣ ልጆቹ በየትዳራቸው ርቀውበት፣ በሰፊ ግቢ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ሀብቱ አንዲት ትንሽ ጎተራ የበቆሎ ዘር ነበረች፤ ሚስቱ በመጨረሻው ዓመቷ ፍሬ በፍሬ መርጣ ያስቀመጠችው። ያ ዘር ከጠፋ መሬቱን ለሰው ሰጥቶ በልጁ ደጅ ጥገኛ መሆኑ ነው።

ጎተራው ውስጥ ነቀዝ ገባ። ገበያ ወርዶ የነቀዝ መድኃኒት ገዝቶ ነሰነሰበት። በሳምንቱ አንድ እፍኝ ዘግኖ ሰፌድ ላይ ቢበትነው ነቀዙ ሁሉ ሞቷል። ተመስገን ብሎ ዘጋው። በወሩ ቢከፍተው ይርመሰመሳል። ሻጩን ረገመ፤ መድኃኒቱን እጥፍ አደረገ፤ አሁንም ዘግኖ ሲያይ ያገኘው ሙት ብቻ ነው፤ አሁንም በወሩ ተመለሰበት። ጎረቤቶቹ ነቀዙ ወደ እኛም ይዛመታል ብለው ከደጁ ቀሩ፤ ሰላምታቸው እንኳ ከአጥር ማዶ ሆነ። ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገር የሚውልበት ቀን በዛ።

አንድ ጠዋት የሚስቱን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርዶ መስታወቱን አወጣ። የጎተራውን ጭቃ በስቶ መስታወቱን መረገበት። ከዚያ መድኃኒቱን ነስንሶ፣ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ ተቀመጠ። በማግሥቱም ተቀመጠ። መንገደኛው «ሰውዬው ከእህል ጋር ማውራት ጀመረ» እያለ ያልፋል። ሞኝ ባያፍር ዘመዱ ያፍራል ይባላል፤ ለእሱ ግን የሚያፍርለት ዘመድ እንኳ አጠገቡ አልነበረም። አንዳንድ ቀን፣ ምን ይደበቃል፣ አለቀሰ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲንቀሳቀስ የነበረው ነቀዝ ሁሉ ወደቀ። ሁለት ሳምንት ምንም አልታየም። በሦስተኛው ላይ አንዲት ደህና የምትመስል ፍሬ ከውስጥ ተበሳችና ነቀዝ ወጣባት። ያን ጊዜ ገባው። መድኃኒቱ የሚይዘው የወጣውን ነው፤ ፍሬ ውስጥ ያለው ነቀዝ ግን የመድኃኒቱ ኃይል እስኪበርድ ይቆያል። ከዚያ ወዲህ የመውጫ ቀናቸውን እየጠበቀ ነሰነሰ። ሁሉን አላዳነም። አንድ ቁና ዘር ተረፈው፤ እሱኑ ዘራ።

እታገኝ ልጄ፣ እዚህ ቤተ ሙከራችን ውስጥ «ሌሎቹ ተማሪዎችዎ የካንሰር ዕጢውን ቆርጠው፣ አይተው፣ በአንድ ቀን ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ እኔን ለምን በሕይወት ባለች አይጥ ቆዳ ላይ በተተከለ መስታወት ዕጢዋን እያየሁ ወር ሙሉ ብቻዬን ያስቀምጡኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ተቆርጦ የወጣው ዕጢ ገበሬው ዘግኖ ያየው ያ እፍኝ ነው። መድኃኒታችን የሚገድለው በመከፋፈል ላይ ያለውን የካንሰር ሴል ነው፤ በዚያ ቀን ያልተከፋፈለው አድፍጦ ያልፋል። መቼ ተነሥቶ መከፋፈል እንደሚጀምር የሚያውቅ፣ ዕጢው በሕይወት እያለ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። ብቸኝነቱ ይከብዳል፤ እኔም ስላለፍኩበት አልዋሽሽም። ግን ዛሬ አንዲት እናት «ጠፍቶልሻል» ተብላ፣ ልጆቿ እልል እያሉላት ከሆስፒታል እየወጣች ነው። ያደፈጠው መቼ እንደሚነሣ ነቅቶ የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ እሷ ግን ስምሽን እንኳ አታውቀውም።