ለሰባት ቀን የተያዘ ክፍል

የኔታ ዘውገ የነገሩኝን የዚያኑ ዕለት ስላልጻፍኩት አንዳንዱን ልሳሳት እችላለሁ። የጠየቅኳቸውን ግን በደንብ አስታውሳለሁ። ጠበል ቦታ አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ለሰባት ቀን ሱባኤ ክፍል ይዤ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ከቀሪው ሂሳብ የሁለት ቀን አስቀሩብኝ። ደረሰኙን ዘርግቼ፣ «የኔታ፣ ላላደርኩበት መክፈል ተገቢ ነው?» አልኳቸው።

ደረሰኙን አላዩትም። «ለምን ወጣህ?» አሉኝ።

«ውሃው ቀዘቀዘኝ።»

«ሊያሞቁልህ ኖሯል?» አሉና አንድ ታሪክ ጀመሩልኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ነጋዴ ነው፤ የእህል ነጋዴ ያሉኝ ይመስለኛል። ወገቡን ቢያመው ወደ ጠበል ወረደ። እዚያ አንዲት ባልቴት የምታከራያት አንዲት ክፍል ነበረች። ነጋዴው የሰባት ቀን ከፍሎ፣ «ሱባኤዬን እስክጨርስ ለማንም ቃል እንዳትገቢ» አላት። እሺ አለችው።

በማግስቱ አንዲት ሴት እግሩ አልታዘዝ ያለውን ባሏን በአህያ ጭና መጣች። «ክፍሉ መቼ ይለቀቃል?» ብላ ጠየቀች። ባልቴቷም፣ «ቀኑ ገና ነው፣ እህቴ፤ ቃል ገብቻለሁ» አለቻት። ሴትዮዋ ማደሪያ ስላልነበራት አህያዋን አዙራ ዳገቱን ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ነጋዴው የእህል ዋጋ መጨመሩን ሰማ። ዕቃውን ሸክፎ፣ «የአራቱን ቀን ገንዘቤን መልሺልኝ» አለ።

ባልቴቷ አልተከራከረችም። የሰባቱንም ቀን ገንዘብ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠች። «ይኸው ገንዘብህ» አለችው። «አሁን በቅሎህ ላይ ውጣና ትናንት የመለስኳቸውን ባልና ሚስት አምጣልኝ። ክፍሉ ተለቋል በላቸው።»

ነጋዴው ዳገቱን ቀና ብሎ አየ። ማንም አልነበረም። ገንዘቡን በሙሉ ደጃፏ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ነጋዴ ነህ፣ ደጀኔ። ክፍል የያዘ ሰው አልጋ ብቻ አይደለም የያዘው፤ ከኋላው የሚመጣውንም ሰው ተራ ይዟል። ስትወጣ አልጋውን ለባለቤቶቹ ትተሃል። ተራውን ለማን መለስክ?»

ደረሰኙን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ለማረፊያው ኃላፊ የጻፍኩት የአቤቱታ ደብዳቤም እዚያው ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ስለ እሱ ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ልደውል እያልኩ ፈራሁ። በመጨረሻ ወደ ማረፊያው ደውዬ፣ እኔ ክፍል በያዝኩበት ዕለት የመለሱት ሰው እንዳለ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት መዝገቡን አይታ ነገረችኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው ክፍል እስከ ሳምንት የለም ተብለው ተመልሰዋል፤ አንደኛዋ በምርኩዝ የምትሄድ ነበረች።