ከባለቤታቸው ቀድመው ያመሰገኑ እግሮች

ምእመናን ሆይ፣ ጆሯችሁን አቅኑ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም አስናቀ ለተባለ ልብስ ሰፊ ያደረገችውን ተአምር ስሙ። አማላጅነቷ አይለየን።

አስናቀ በአዲስ አበባ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሚሰፋ፣ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው ነበረ፤ በየማለዳውም ውዳሴ ማርያም ሳይደግም መርፌ አያነሣም ነበር። አንድ ቀን ግን ከመሰላል ወደቀና ወገቡ ተመታ፤ ከዚያም እግሮቹ ከድተውት ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ዋለ፤ የስፌት መኪናው መርገጫም ዛገ። እርሱ ግን ጸሎቱን ሳያስታጉል፣ «እመቤቴ፣ አንዲት ቀን ብቻ ልራመድ» እያለ ያለቅስ ነበር። ጎረቤቶቹም በቃሬዛ ተሸክመው ከከተማው በላይ ወዳለው የኪዳነ ምሕረት ጠበል አደረሱት፤ በሰባተኛውም ቀን ተነሣና ቃሬዛውን ራሱ ተሸክሞ ወረደ።

በመጀመሪያው ወር ሲነሣ ተመስገን፣ ሲቀመጥ ተመስገን ነበር። በሁለተኛው የዕለቱን ምንባብ ብቻ ደገመ፤ በሦስተኛው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ አጋመሰው፤ በአምስተኛው ጢሙን ሲላጭ ጀምሮ ፊቱን ሲታጠብ ጨረሰው፤ በስድስተኛው መላጨቱ ብቻ ቀረ። ለደንበኞቹም፣ «ጠበሉ ግራዬን አሳምሮታል፤ ቀኜ ግን ዳገት ላይ ትንሽ ይለግማል» እያለ ያማርር ጀመር።

በዚያም ወራት እልፍነሽ የምትባል ጥልፍ ጠላፊ ወደደና ወደ አባቷ ወደ መቶ አለቃ መኩሪያ ሽማግሌ ላከ። እሳቸውም፣ «ሰውየው ሽባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እሑድ በስምንት ሰዓት በእግሩ መጥቶ ልየው፤ ካረፈደ ግን ልጄን ይርሳት» አሉ።

እሑድ ደረሰ። አስናቀ ሱሪውን ሲተኩስ ቅዳሴው አለፈው፤ ከዚያም አዲሱን ሱፉን ለብሶ ወጣና ከመንታ መንገዱ ሲደርስ ወደ መቶ አለቃው ቤት፣ ወደ ቁልቁለቱ ሊታጠፍ አሰበ። እግሮቹ ወደ ዳገቱ ታጠፉ። ሊያቆማቸው ቢል አልቆሙም፤ የመብራት ምሰሶ ቢያቅፍም ምሰሶውን ይዞሩ ጀመር።

«ጋሼ፣ ጠጥተዋል እንዴ?» አለችው በቆሎ የምትጠብስ ሴት።

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እግሬ ነው!»

«እግርዎ ነው የጠጣው?»

«እኔ ወደ ታች እላለሁ፣ እሱ ወደ ላይ ይላል!»

«ታዲያ ይከተሉት እንጂ! ከእርስዎ ይልቅ እሱ ሳያውቅ አይቀርም» አለችና በቆሎዋን አገላበጠች።

ምሰሶውን ለቀቀ። እግሮቹም ዳገቱን ያለ ልግመት ወጡ፤ ቀኙ እንዲያውም ይቀድም ነበር፤ ስምንት ሰዓትም አለፈ። ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ሲደርሱ ጉልበቶቹ በራሳቸው ተንበረከኩና ጠጠሩ ወጋው። አስናቀ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ መርፌ ቢወጋው የማይሰማው ጉልበት ይኸው አሁን አመመው። ሕመሙ ደስ አሰኘው፤ ደስታውም አሳፈረው። ከዚያም አለቀሰና ውዳሴ ማርያሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገመ፤ እናትንም ልጅንም አመሰገነ፤ ቀኝ እግሩንም ለብቻው ይቅርታ ጠየቀ።

ያን ጊዜ እግሮቹ ታዘዙለት፤ እየሮጠም ወርዶ የሱሪው ጉልበት እንደተቀደደ በአሥር ሰዓት ተኩል ከመቶ አለቃው ቤት ደረሰ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ እልፍነሽ በበሩ ስንጥቅ ታያለች።

«የት ነበርህ?» አሉት መቶ አለቃው።

ታክሲ ጠፋ ሊል አሰበ፤ ነገር ግን እግሮቹን ፈራና አንድም ሳያስቀር እውነቱን ነገራቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ጫማውን አዩ።

«ልጄን ለእግሮችህ ሰጥቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንተም ተከትለህ ግባ።»

ለአስናቀ የደረሰች እመቤታችን ለእኛም ትድረስልን፤ ማመስገን በረሳንበት ቀን እግራችንን ወደ ደጇ ትምራው፤ ይህን የሰማ ጆሮ፣ በዚህም የሣቀ አፍ ከበረከቷ ይካፈል፤ ለዘለዓለሙ አሜን።